ከመንገድ የተመለሰ ሽንኩርት

እኔ ስጨነቅ ቁጭ ማለት የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ያን ሰሞን በማስተር ፕላኑ ጉዳይ ሰበታ ስትታመስ፣ መንገድ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ መጣና ሰዉ ሁሉ ዱቄትና ዘይት ሊሸምት ወጣ። እኔም ወጣሁ። ዱቄቱ ጋ ሰልፉ አይቀመስም፣ ዘይት ደግሞ አልቋል ተባልኩ። ዋናው መንገድ ዳር ግን ከወሊሶ በኩል የመጣ አይሱዙ ቆሟል። ወደ አዲስ አበባ አታልፍም ተብሎ የተመለሰ ነው፤ ሾፌሩ የጫነውን የሐበሻ ሽንኩርት እዚያው በርካሽ ያራግፋል። ሁለት ኩንታል ገዛሁ። ለሁለት ሰው ቤት ሁለት ኩንታል! በጋሪ አስጭኜ ስገባ እንደኔ ብልህ ያለም አልመሰለኝ።

ባለቤቴ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ጠዋት በታክሲ ሄዶ ማታ ይመለሳል። መንገዱ የተዘጋው በዚያው ቀን፣ እሱ ሥራ ላይ እያለ ነው። የስልክ መስመሩም አብሮ ተቋረጠ። የመጀመሪያውን ቀን፣ እህቱ ጋ አድሮ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በማግስቱ እሱ በሚመጣበት መንገድ ላይ፣ ዓለም ገና አካባቢ ተኩስ ነበር ሲሉ ስሰማ ግን ማጽናኛዬ አለቀ። እሱ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። አልቀመጥም ብሎ በእግሩ ቢነሳስ? መሃል ላይ አንድ ነገር ቢያገኘውስ? ከበር ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ በር ስመላለስ ዋልኩ።

ሽንኩርቱ ትዝ ያለኝ በሦስተኛው ቀን፣ ሲሸተኝ ነው። እርጥበት እንዳይነካው ብዬ ከነማዳበሪያው ጓዳ ደርድሬ፣ በላዩ ላይ ላስቲክ አልብሼው ነበር። ላስቲኩን ብገልጠው ሽንኩርቱ አልቦታል። ከሥር ያለው ለስልሷል፣ ከላይ ያለው ቀንበጥ አውጥቷል። በንዴት አንዱን ማዳበሪያ በእርግጫ ብለው የገዛ ጣቴን አመመኝ። በሌለበት ባለቤቴን ሰደብኩት። ማንን ልስደብ ታዲያ?

ሁሉንም እየጎተትኩ በረንዳ ላይ ስዘረግፍ፣ ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል አዩኝ። ትልቅ ሴት ናቸው፣ ሰፈሩ በኦሮምኛው የአክብሮት ስም «አዴ» ነው የሚላቸው። እኛ የተከራየነው ቤት የቆመው ድሮ እሳቸው ጤፍና ሽንብራ ይዘሩበት በነበረ መሬት ላይ ነው። አስተማሪ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ሲወጣ ተይዞ ከተወሰደ ሳምንት አልፎታል፤ የት እንዳለ የነገራቸው ሰው የለም። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ አንድ ቀን እንኳ ቤታቸው አልሄድኩም። ፈርቼ ነው። እዚያ ቤት ስገባ ሰው ቢያየኝ ምን ይባላል ብዬ ነው።

እሳቸው ግን «አካም ጂርታ» ብለው ሰላም እያሉኝ ገቡ፣ እንደማንኛውም ቀን። የዘረገፍኩትን አይተው ሳቁብኝ። ሽንኩርት ልብስ ምን ያደርግለታል፣ ነፋስ ነው የሚፈልገው አሉኝ። ከቤታቸው ጭድ አምጥተው ጤነኛውን ከለሰለሰው ይለዩ ጀመር። ጤነኛውን ከነልጣጩ አልጋ ሥር፣ ጭድ ላይ ሳሳ አድርገን ዘረጋነው፤ በየቀኑ እንዳገላብጠውም ነገሩኝ። የለሰለሰው ዛሬውኑ መከተፍ ነበረበት። ዘይት የለኝም ብላቸው፣ ማን ዘይት ጠየቀሽ አሉ። በደረቅ ድስት፣ በራሱ ውኃ፣ ቀስ ተብሎ እስኪጠቁር ይቁላላል፤ ጨው ጣል ተደርጎበት ሲቀዘቅዝ በዕቃ ይከደናል። ወጥ በተሠራ ቁጥር ከዚያ ላይ ጭልፋ እየተወሰደ ስንት ቀን ያበላል።

ተቀመጥንና መክተፍ ጀመርን። የሐበሻ ሽንኩርት ሲልጡት አያልቅም፤ ትንሽ ነው፣ ደግሞ ያቃጥላል። እንባዬ ሲወርድ፣ ይሄ ሽንኩርት ገደለኝ እኮ አልኩ።

«በሽንኩርቱ አታመካኚ» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «አልቅሺ።»

አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም። ውጭ ኮቴ በተሰማ ቁጥር እኔ ቢላዋዬን ጥዬ ብድግ እላለሁ፤ እሳቸው ቢላዋውን ያቆሙና ያዳምጣሉ። ኮቴው ሲያልፍ እቀመጣለሁ፤ እሳቸውም መክተፋቸውን ይቀጥላሉ። ለእኔ ብለው፣ ለባሌ ብለው የሚያዳምጡ መስሎኝ ነበር። እንዴት ያለሁ ሞኝ ነኝ!

ድስቱ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ከጎደለ በኋላ፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ የግቢው በር ተንኳኳ። ሳልደርስ ተከፈተ። ባለቤቴ ነው። ጫማው አቧራ በአቧራ ሆኗል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ከአየር ጤና ተነስቶ በውስጥ ለውስጥ በእግሩ ነው የመጣው። ጮኬ ይሆናል፣ አላስታውስም። በዚያ ሽንኩርት በሸተተ እጄ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፤ መሬት የነካሁም አይመስለኝም።

ዞር ስል አዴ ቆመዋል። እንኳን ደህና ገባህ ብለው ጉንጩን ሳሙት። ዓይናቸው ግን እሱ ላይ አልቆየም። ከኋላው ክፍት ወደቀረው በር ሄደ።

«ብቻህን ነህ?» አሉት።

ባለቤቴ ጥያቄው አልገባውም። አዎ፣ ብቻዬን ነኝ አለ። እሳቸው እስከ በሩ ሄደው መንገዱን ወዲህና ወዲያ አዩ፤ ቆይተው አዩ። ከዚያ በሩን ራሳቸው ዘግተው ተመለሱና ቦታቸው ላይ ተቀምጠው አንድ ሽንኩርት አነሱ። እኔ የባሌን ክንድ እንደያዝኩ ነበርኩ። አፍሬ ለቀቅኩት።