አንድ ነጥብ አሥር

ቫሳንት ፋድኒስ በሕንድ ፑኔ ከተማ፣ ከአሮጌው ገበያ ጀርባ ተቀምጦ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞግራን ጠበቀ። ሞግራ ፐርል በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ድረ ገጽ ለሚሠሩ ሰዎች መሠረት እንዲሆን የተዘጋጀ ነጻ ፕሮግራም ነው። ማንም ይወስደዋል፣ ማንም ይሠራበታል፤ ሲበላሽ የሚሰደበው ግን ቫሳንት ብቻ ነው። የሚደርሱት ደብዳቤዎች «ለምን እስካሁን አላስተካከልክም?» ይላሉ እንጂ «እንደምን አደርክ?» የሚል አንድም የለባቸውም። ሚስቱ ማዳቪ «ደሞዝ የሌለው ሎሌ» ትለዋለች፤ እሱም ይስቃል። ምኑ እንደሚያስቀው እንጃ።

የምታመሰግነው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ከባሎቻቸው ዱላ ያመለጡ ሴቶችን የምታስጠልለው ኩሙዲኒ። ሰፈሩ ሁሉ እንደ ታላቅ እህት «ታይ» ይላታል። የመጠለያዋን መዝገብ በሞግራ የሠራላት ራሱ ነው። ሞግራ ላይ ሌባ የሚያስገባ ቀዳዳ ተገኘ ሲባል፣ ሦስት ቀን ከቤት ሳይወጣ ደፈነው።

የነበረው እትም 1.9 ነበር። አዲሱን 1.10 ብሎ ለቀቀው። ከዘጠኝ ቀጥሎ አሥር ነዋ! አዳዲስ እትሞችን እየፈለገ የሚጭነው የፐርል መጫኛ ግን 1.10ን የሚያነበው እንደ 1.1 ነው፤ ከ1.9 ያነሰ፣ አሮጌ። ቫሳንት በዚሁ ስሕተት ስንቱን ጀማሪ ሲገሥጽ የኖረ ሰው ነው።

«ታይ፣ ቀዳዳው ተደፍኗል፤ አሁኑኑ ያዘምኑት» ብሎ ደወለላት።

«ሞከርኩት እኮ። መጫኛው ‹የመጨረሻው እትም አለዎት› አለኝ።»

«እንግዲያው አይስጉ።»

ያ መልስ ሊያስደነግጠው ይገባ ነበር። ቀድማ አዘምናው ነው ብሎ አለፈው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የሴቶቹ ስሞችና የመጠለያው አድራሻ ኢንተርኔት ላይ ወጡ። በማግስቱ የአንዷ ባል መጥቶ በሩ ላይ ክንዷን ሰበራት። ቫሳንት ይህን ሲሰማ ስሕተቱን አገኘው፤ የእትሙን ቁጥር ከ1.9 እንዲበልጥ 1.91 ብሎ ጻፈ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ራሱን ጠላ።

መጠለያው ሲደርስ ግቢው ባዶ ነው። ታይ የቀሩትን ፍራሾች ጭነት መኪና ላይ ታስጭናለች።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ታይ። አዲሱ ቦታ የት ነው? መዝገቡን መጥቼ ላስተካክልልዎ።»

«በደብተር ነው የምንጽፈው፣ ቫሳንት። ቦታውን ደግሞ ለማንም አንናገርም።»

«እኔም ማንም ሆንኩ?»

ታይ የፍራሾቹን ገመድ አጥብቃ አሰረችና ከሹፌሩ ጎን ወጥታ በሩን ዘጋችው።