ለጓደኛዬ የመረጥኩላት ባለ ስምንት ፓድ

ጓደኛዬ የትኛውን የሙዚቃ ኮንትሮለር ብታስመጣ እንደሚሻላት ስትጠይቀኝ ትክክለኛውን መልስ አውቀው ነበር። አልነገርኳትም።

እሷና እኔ አቀስታ አንድ ሰፈር አድገን፣ ዘጠነኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ተምረናል። መምህር ሲቀር እኔ ዴስኩን በጣቶቼ እመታለሁ፣ እሷ ትዘፍናለች፣ ክፍሉ ያጨበጭባል። ምቱ የኔ፣ ድምፁ የእሷ ነበር። ማንም እንዲህ ይሁን ብሎ አላካፈለንም፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ዩኒቨርሲቲ ለየብቻ ደረሰን። ከዓመታት በኋላ መካነ ሰላም ላይ ሥራ አገናኘን፤ እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህርት ሆኜ፣ እሷ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሰብል ባለሙያ ሆና። አንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ሁለት ክፍል ተከራየን። ግድግዳው ስስ ስለሆነ እሷ ስታስነጥስ እኔ ከክፍሌ ሆኜ ይማርሽ እላት ነበር።

ቢት መሥራት የጀመርኩት እኔ ነኝ። ይህን አጥብቄ የምናገረው የሆነው ሁሉ ከዚህ ስለሚነሳ ነው። መጀመሪያ በስልክ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ የተደረደሩትን አራት ማዕዘኖች እየነካሁ የከበሮና የጭብጨባ ድምፅ አወጣለሁ። የስልክ ስክሪን ግን ጣት ጠንከር አድርጎ ሲመታውና ዳበስ ሲያደርገው ልዩነቱ አይገባውም፤ ለሁሉም የሚሰጠው ያንኑ ድምፅ ነው። ስለዚህ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ፣ በጣት የሚመቱ የጎማ ፓዶች ያሉት ኮንትሮለር ለመግዛት ወሰንኩ። ወሰንኩ ስል አንድ ዓመት ሙሉ ሳልገዛ ቆየሁ ማለቴ ነው።

ለዚሁ የያዝኩት ደብተር ነበረኝ። በግራ ገጽ ኮንትሮለሮቹን፣ በቀኝ ገጽ ሶፍትዌሮቹን እጽፋለሁ። ኔትወርክ ደህና ሲሆን ሰዎች በጣታቸው ሲጫወቱ የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን አያለሁ፤ ሲደክም የገዙ ሰዎችን አስተያየት አነባለሁ። በዚያ ዓመት አንድ ነገር በደንብ ገባኝ። ከመብራቱና ከቁልፉ ብዛት በፊት መታየት ያለበት ጎማው ነው። ፓዱ ሰፊና ለስለስ ያለ ከሆነ ቀስ ብለህ ስትነካው ቀስ ያለ ድምፅ፣ ስትመታው ጠንካራ ድምፅ ይሰጥሃል። ጠባብና ደረቅ ከሆነ ግን ቀላሉን ንክኪ ይውጠዋል፤ ድምፅ እንዲያወጣ መደብደብ አለብህ፤ ጣት ይደክማል። እኔ የምመኘው ባለ አሥራ ስድስት ፓድ ነበር፤ ጎማው ለስላሳ ነው ብለው ሁሉም የመሰከሩለት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ በሬን ሳታንኳኳ ገባች፤ ሁልጊዜም እንደዚያው ናት። ጅዳ ያለችው ታላቅ እህቷ ለእረፍት ልትመጣ እንደሆነና ምን ላምጣልሽ እንዳለቻት ነገረችኝ። ልብስ ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ እኔ የምመኘው ዓይነት ኮንትሮለር እንደምትፈልግ ተናገረች። የኔን የስልክ ቢት በግድግዳው ስትሰማ ቆይታ እሷም መሞከር አምሯት ነበር።

«አንቺ ታውቂዋለሽ» አለችኝ። «የቱን ልበላት?»

ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር። እጄን ገጹ ላይ አሳረፍኩት፤ ሸፈንኩት ማለት ይሻላል። አንድ ዓመት ያነበብኩት፣ ያወዳደርኩት፣ በሐሳቤ የተጫወትኩበት ነገር በአንድ ሻንጣ ተጭኖ እሷ ቤት ሲገባ ታየኝ። ከኔ በፊት። ድምፁም የእሷ፣ ምቱም የእሷ ሊሆን።

ለጀማሪ አሥራ ስድስት ፓድ ይበዛል አልኳት። ባለ ስምንት ፓድ የሆነች፣ ትናንሽ የፒያኖ ቁልፎችም ያሉባት አንዲት ትንሽ ኮንትሮለር መረጥኩላት። ቀለል ያለች ናት፣ ቦርሳ ውስጥ ትገባለች አልኩ፤ ይህ እውነት ነው። ፓዶቿ ጠባብና ደረቅ እንደሆኑ፣ የገዟት ሰዎች ሁሉ ጣታቸውን እንዳሳመመቻቸው የጻፉትን ግን ደብተሬ ውስጥ አስቀረሁት። ሶፍትዌርም አብሬ መረጥኩላት፤ በነፃ የሚገኝና ያረጀ ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ፣ መልኩ የማያምር። እኔ ግን ትልቁን፣ ባለሙያዎቹ የሚጠቀሙበትን ነበር የማስበው። እሷ ስሙን ስልኳ ላይ ጻፈችና አመሰገነችኝ፤ አላህ ያክብርልኝ አለች።

ዕቃው በጥቅምት መጣ። ሶፍትዌሩን የጫንኩላት እኔ ነኝ፤ ኬብሉን የሰካሁላት፣ የትኛው ፓድ የትኛውን ድምፅ እንደሚያወጣ ያሳየኋት እኔ ነኝ። ፓዱን ስነካው እንደፈራሁት ደረቅ ነበር። ደስ አለኝ። ይህን ብዙ ጊዜ ለራሴ በሌላ ቃል ልናገረው ሞክሬያለሁ፤ ሌላ ቃል የለውም።

የራሴን ባለ አሥራ ስድስት ፓድ ከሁለት ወር በኋላ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ጎማው ልክ እንደተባለው ነበር፤ ጣት ያርፍበታል። ትልቁን ሶፍትዌርም ጫንኩ። በውስጡ በሺህ የሚቆጠር የከበሮ ድምፅ ነበረና እነሱን እያዳመጥኩ መምረጥ ጀመርኩ። ይህ ይሻላል፣ አይ ይኼኛው። ከዚያ ሶፍትዌሩ ራሱ አልመች አለኝና ሌላ ሞከርኩ፤ ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ያለኝን ጊዜ የምጨርሰው በመምረጥ ነበር።

በግድግዳው ማዶ ግን አንድ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ጓደኛዬ ከቢሮ መጥታ፣ የአስርን ሶላት ሰግዳ፣ እስከ መግሪብ ያንን ደረቅ ጎማ ትመታለች። መጀመሪያ ላይ ይሰባበር ነበር፤ ቀኝ እጇ ሲቀድም ግራው ይቀራል። እኔ ከዚህኛው ወገን ሆኜ ስህተቷን እቆጥር ነበር። በየካቲት አካባቢ የምቆጥረው አጣሁ።

አጎቷ ድቤ መቺ ናቸው፤ መንዙማ ባለበት ሁሉ ይጠራሉ። አንድ እሑድ አቀስታ ሄዳ ድቤያቸውን በስልኳ ቀድታ መጣች፤ መሃሉን ሲመቱት፣ ጠርዙን ሲመቱት፣ በመዳፍ ሲያፍኑት። የሰዎችንም ጭብጨባ ቀዳች። እነዚያን ድምፆች ስምንቱ ፓዶች ላይ አስቀመጠቻቸውና ጠርታ አሰማችኝ። የመንዙማው ዝግ ያለ ምት ነበር፤ ከሥሩ ግን የሠርግ እስክስታ የሚጠራ ሌላ ፈጣን ምት ይሄዳል። ትከሻዬ ሳላስበው ተነቃነቀ። ድቤው ጥሩ ሆኖ ተቀድቷል አልኳት፤ ጥራቱ ከአጎቷ እንጂ ከእሷ እንዳልሆነ እንዲሰማት። አልተሰማትም። አጎቴ ይህን ብነግራቸው ደስ ይላቸዋል አለች።

ሰዎች ይጠሯት ጀመር። አንድ የቢሮ ባልደረባዋ ሠርግ ላይ ተጫወተች። እዚያ የነበረ ሰው ለሌላው አወራ። ገበያ ስወጣ ጎረቤትሽ ጎበዝ ናት ይሉኛል፤ አዎ እላለሁ፣ እኔ ነኝ ያስጀመርኳት ብዬም እጨምራለሁ። ይህን ስል ሰዎቹ ፈገግ ይሉና ወሬውን ወደ እሷ ይመልሱታል።

በሰኔ ትምህርት ቤታችን የወላጆች ቀን ነበረው። የተማሪዎቹን መዝሙር የማጅበው እኔ እንድሆን ተወሰነ፤ ሦስት ሳምንት ተዘጋጀሁ። በዚያ ሰሞን ኔትወርክ ጠፋ፤ በእኛ አካባቢ ሲጠፋ ቶሎ አይመለስም። ከዝግጅቱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ላፕቶፔን ስከፍት ትልቁ ሶፍትዌር የመጠቀሚያ ፈቃዴን ለማረጋገጥ ኢንተርኔት ጠየቀኝ። ኢንተርኔት የለም። ዘግቼ ከፈትኩት፤ ያንኑ ጠየቀኝ። በደብተሬ ስለ ሶፍትዌሮች ያን ሁሉ ስጽፍ ያለ ኔትወርክ ይሠራል ወይ የሚለውን አንዴም አልጻፍኩም ነበር፤ የማያቸው ቪዲዮዎች ሁሉ ኔትወርክ በማይጠፋበት አገር የተሠሩ ናቸው።

ርዕሰ መምህሩ ስነግራቸው አልተቆጡም። ጎረቤትሽ ብትረዳንስ አሉ። ሌላ መንገድ እንደሌለኝ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ጓደኛዬ ስጠይቃት ከወንበሯ ተነሳች። «አብሽሪ፣ እኔ እሠራዋለሁ» አለችና መዝሙሩን እንዳንጎራጉርላት ጠየቀችኝ። የሷ ሶፍትዌር፣ ያ መልኩ የማያምረው፣ ማንንም ሳይጠይቅ ተከፈተ።

በዕለቱ ሜዳው ላይ ድንኳን ተተክሎ፣ ወላጆች ተቀምጠው፣ ተማሪዎች ተሰልፈው፣ እሷ ከስፒከሩ አጠገብ ትንሿን ኮንትሮለር ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እኔ የመምህራኑ ወንበር ላይ ነበርኩ። መዝሙሩ ሊያልቅ ሲል ልጆቹ ቀድመው መዘመር አቆሙ፤ እሷ ግን አላቆመችም፤ ምቱን ይዛ ብቻዋን ሄደች፤ አዛውንቶቹ ሳይቀሩ አጨበጨቡላት። እኔም አጨበጨብኩ። በልቤ ግን የሚቀጥለው ምት ይሳታት ብዬ ተመኘሁ፤ ትንሽ ስህተት፣ ሰው የማያውቀው፣ እኔ ብቻ የማውቀው። አልሳታትም።

ወደ ቤት አብረን በእግር ተመለስን። ቦርሳዋን ልያዝልሽ ብዬ እጄን ስዘረጋ ጣቶቿን አየሁ። የሁለቱም እጆቿ ሌባ ጣትና መሃል ጣት ጫፍ በፕላስተር ተጠቅልሏል፤ የአንደኛው አንጓ አብጧል። ምን ሆንሽ አልኳት። ፓዱ ካልመቱት አይሰማም፣ ከመጋቢት ጀምሮ ያመኛል፤ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰው እንደዚህ የሚሆን መስሎኝ ነበር አለች። ጣቷ ሲድን አዲስ ነገር እንደምትሞክርም ነገረችኝ።

ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። ደረቅ እንደሆነ አውቅ እንደነበር፣ ሰዎች የጻፉትን አንብቤ እንደነበር፣ የሚሻለውን አውቄ እንደደበቅኳት ነገርኳት። መንገዱ መሃል ቆመች።

«ለምን?»

«ስለቀናሁብሽ።»

«አሁንስ?»

መዋሸት ይቀለኝ ነበር። «አሁንም» አልኳት።

ቦርሳዋን ከእጄ ወሰደችና ቀድማኝ ሄደች። ከዚያን ቀን በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል በሬን ከፍታ አልገባችም። በግድግዳው ማዶም ምንም አልተሰማም። ያ የጣት ድምፅ ሲጠፋ ደስ ይለኛል ብዬ አስብ ነበር፤ አላለኝም። ከሥራ ስመጣ ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብዬ ግድግዳውን አዳምጣለሁ።

አንድ እሑድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። እሷ ናት ብዬ አልገመትኩም፤ አንኳኩታ አታውቅምና። በሩ ላይ እንደቆመች የኔን ኮንትሮለር እንዳውሳት ጠየቀችኝ፤ ጣቶቿ እስኪድኑ እንጂ ለሁልጊዜ እንዳልሆነም አከለች። ነቅዬ ሰጠኋት። በምትኩ ትንሿን ሰጠችኝ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ባለ ስምንቱን ፓድ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ የመታሁት ያኔ ነው። ከሳምንት በኋላ ጣቴ አመመኝ፤ ምቴም እንደማይስተካከል ሰማሁት። በለስላሳው ፓድ ላይ ሺህ ድምፅ እየቀያየርኩ ሸፍኜው ኖሮ፣ እዚህ ራቁቱን ወጣ። ጓደኛዬ በለስላሳው ፓድ ላይ የምታደርገውን በግድግዳው በኩል ስሰማ ደግሞ ቅናቴ ጨመረ። አሁን ግን የምቀናው በዕቃው አልነበረም፤ በለፋችበት ልፋት ነበር፤ ያንን ደግሞ ከሷ ነጥቄ የራሴ ላደርገው አልችልም። በየቀኑ መለማመድ ጀመርኩ፤ በአንድ የከበሮ ድምፅ ብቻ።

በጥር አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛችን አቀስታ ላይ ሲያገባ ሁለታችንም ተጠራን። ወደ እኔ መጥታ የድምፁን ነገር አንቺ ያዢልኝ አለች፤ እኔ ጆሮዬ ጥሩ እንደሆነ፣ የቱ ድምፅ ከየቱ ጋር እንደሚሄድ ከእሷ ይልቅ እንደማውቅ ተናገረች። ይህን ስትል ፊቷን አየሁት፤ ልታስደስተኝ ብላ ያለችው አልነበረም። ሠርጉ ላይ ላፕቶፑን ይዤ ከኋላዋ ተቀመጥኩ። እሷ አሁንም እሷ ጋ በነበረው በኔ ኮንትሮለር ተጫወተች፤ እኔ የአጎቷን ድቤ ከፍ ዝቅ አደረግሁ፣ ጭብጨባውን አስገባሁ፣ አወጣሁ። በብርዱ ውስጥ ሰው ጋቢውን ጥሎ ጨፈረ።

ሲያበቃ አንዲት የሙሽራው አክስት ወደ እኔ መጥተው ይህን የመታሽው አንቺ ነሽ ወይ ልጄ አሉኝ። እሷ ናት አልኩ፣ በጣቴም አሳየኋቸው። ሄደው ሳሟት። አንድ የድሮ መምህራችን መጡና ያንኑ ጠየቁኝ፤ እሷ ናት አልኳቸው። ለሦስተኛ ጊዜ አንድ የማላውቀው ሰው ከሩቅ ማን ነው የተጫወተው ሲል ግን ኬብል እንደምጠቀልል ሆኜ አጎነበስኩ። ያልሰማሁ መሰልኩ። ጓደኛዬ ሰምታ ነበር። እሷም አጠገቤ ቁጭ ብላ የኬብሉን ሌላ ጫፍ ያዘችልኝ።