ፋይል ዝም ብሎ አይዘጋም

ሽማግሌው በገዛ ቤታቸው ከረባት አስረው ነው የጠበቋት። ጡረታ ከወጡ ሦስት ዓመታቸው ቢሆንም፣ የደረት ኪሳቸው ላይ ዛሬም ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ ተሰክቷል።

«ኔትወርኩ ነው የሚንቀራፈፈው» አሉ፣ ኮምፒውተር ጠጋኟ ብሩክታይት ገና ሳትቀመጥ። «የዛሬ ሰው እንደሆነ ሥራ አይወድም።»

ብሩክታይት ስማቸውን አታውቅም፤ ድምፃቸውን ግን አልረሳችውም። እናቷ ለአንዲት ማኅተም ከበዴሳ ሶዶ ስትመላለስ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት «ሰኞ ተመለሺ» የሚላት ይኸው ድምፅ ነበር።

ብራውዘሩን ስትነካው ኮምፒውተሩ እንደ ወፍጮ አጓራ። ሰማንያ ሦስት ገጽ ተከፍቶ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ኔትወርኩ ምንም አልሆነም። ይሄን ሁሉ ከፍተው ስለተዉት ነው የሚደነዝዘው። ልዝጋው?»

«ፋይል ዝም ብሎ አይዘጋም፣ ልጄ። መጀመሪያ ይታያል።»

ታየ። አንዱም ሳይመረመር አላለፈም። የአምናን የአየር ትንበያ እንኳ መነጽራቸውን አጥልቀው፣ ከላይ እስከ ታች አንብበው፣ «ይዘጋ» ብለው ፈቀዱ። ብሩክታይት ወገቧን እየያዘች ሰማንያ ሁለቱን ዘጋች፤ ኮምፒውተሩም ተንፈስ አለ።

የቀረችው አንዲት ገጽ ላይ «ማመልከቻዎ በመታየት ላይ ነው» ይላል። ቀኑ የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ልትዘጋት ስትል እጇን ያዟት።

«እሷን ተያት» አሉ፤ ያ ድምፅ ድንገት ቀጠነ። «የጡረታዬ ጉዳይ ናት። ሰኞ ተመለስ ብለውኛል።»