ያልተቀባው ወንበር

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ታፔላ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። የጫማ ሰፊው፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ የዳቦ ቤቱ በር ላይ ያለው ፊደል ሁሉ የእሱ እጅ ነው። ሰፈሩ «ብሩሽ» ይለዋል፤ አባቱም ሳይቀሩ።

አባትየው የቤታቸው ደረጃ አቅቷቸው ብሩሽ ዘንድ ሊገቡ ተስማምተዋል። ቤቱን ሊለቁ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው፣ «የእናታችሁን ክፍል እንዳለች በወረቀት ይዣት ብሄድ ደስ ይለኛል» አሉ። ብሩሽ ጉሮሮውን ጠራርጎ ቀና አለ። አባት ግን ወደ ታናሽ እህቱ ዞሩ። «አንቺ ብትሥዪልኝስ?»

ብሩሽ ክው አለ። እህትየው ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት የምትሸጥ ናት፤ የውሃ ቀለም ሥዕል ከጀመረች ገና ሁለት ዓመቷ ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» አለ በሆዱ። በአፉ ግን «ጎሽ፣ ጥሩ ነው» አለ።

እናት ከሞቱ ስምንት ወር ቢያልፍም ከክፍላቸው የተነሳ ነገር የለም። የስፌት መኪናው ከመስኮቱ ሥር፣ መነጽራቸው ከመሳቢያው ላይ፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰው ወንበራቸውም ከመኪናው ፊት ነው። እህትየው ከሥራ መልስ እየመጣች ጥግ ይዛ ትሥላለች። ብሩሽም የውሃ ቀለም ገዝቶ ጠዋት ጠዋት መምጣት ጀመረ።

«አንተ ደግሞ ምን ልትሠራ ነው?» አሉት አባቱ።

«የእሷ ካልሆነ መጠባበቂያ ይሁን ብዬ ነው፣ አባባ።»

«ሥዕልም እንደ መኪና ትርፍ ጎማ ያስፈልገዋል እንዴ?» ብለው ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

የቁም ሳጥኑን ስንጥቅ፣ የመጋረጃውን ቀለበቶች፣ የመኪናውን መርገጫ፣ መጋረጃው ላይ ተሰክታ የቀረችውን መርፌ ሳይቀር ሣለ። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ታዲያ ሁልጊዜ ቁም ሳጥኑ ላይ የተቀመጠውን የእህቱን ወረቀት አውርዶ ያያል። በአራተኛው ቀን ግድግዳውም ወለሉም አልቆ አገኘው፤ ወንበሩ ብቻ ባዶ ወረቀት ነው።

«ረሳችው!» አለ ብቻውን። ደስታው ቁርስ እንደበላ ሰው አጠገበው። «የእናቷን ወንበር!»

እሱ እንደ ለመደው ጠቆር ያለውን ቀለም አስቀድሞ፣ ነጩን ለመጨረሻ አቆይቷል። ታፔላ ላይ እንዲያ ነው፤ ነጭ ዘይት ቀለም የማይሸፍነው ነገር የለም። የውሃ ቀለም ግን ስስ ነው፤ ነጩን ቢቀባው ከሥር ያለው ቡኒ እየወጣ አመድ አስመሰለው። ደገመው፤ ባሰ። ሦስተኛ ሲሞክር ወረቀቱ ተላጠ፣ የእናቱም ወንበር የወለል መወልወያ መሰለ።

ወደ እህቱ ሥዕል ዞረ። ራቅ ብሎ ሲያየው ባዶው ወረቀት ከመስኮቱ በገባ ብርሃን የተሞላ ጨርቅ ሆነ፤ ሰው አሁን የተነሳበት ወንበር። አልረሳችውም። ሳትነካ ነው የተወችው።

እጁ ላይ ያለው ብሩሽ ቡኒ እንደጠጣ ነው። ሥዕሏን ለማበላሸት አንድ ጠብታ ይበቃል፤ ከዚያ «አመለጠኝ» ማለት ነው። ወንበሩ ላይ አንዣበበው። ዓይኑ ግን እሷ በሣለችው የእናታቸው መነጽር ላይ ዐረፈ። አንዱ ክንዱ ሲሰበር በቀይ ክር ያሰረላቸው እሱ ነበር፤ እሷ ቋጠሮውን ሳይቀር ሥላዋለች። ይህንንም አየችብኝ አለና የባሰ ቀናባት። ቢሆንም ብሩሹን ከሥዕሏ ላይ አንስቶ ውሃ ውስጥ ከተተው።

ቅዳሜ አባት ሁለቱን ጎን ለጎን አዩ። የእሱን «ሁሉም አለ፤ የቀረ የለም» አሉ። የእሷ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ወደ ወንበሩ ሰደዱና ሳይነኩት መለሱ።

«ይችን ልያዝ።»

«ጋሼ፣ ያቺን መርፌ እኮ እኔ አላየኋትም» አለች እህቱ።

«ተይ አታባብዪኝ።»

«ብሩሽ» አሉ አባት፣ «ከሥሯ ‹የእናታችን ክፍል› ብለህ ጻፍባት። እንዳንተ የሚጽፍ ከየት ይገኛል?»

በማስመሪያ አስምሮ፣ ትንፋሹን ይዞ ጻፈ። በሕይወቱ ከጻፈው ሁሉ ያማረ ነበር።

ዛሬ ሥዕሉ እሱ ቤት፣ ከአባቱ አልጋ በላይ ተሰቅሏል። የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ጽሑፉን ነው።

«ጋሼ፣ ፊደሉ ትንሽ አልተለቀም?» አለችው እህቱ አንድ ቀን።

«ከሩቅ እንዲነበብ ነው» አላት።