የአቢሶ ድርሰት መጨረሻ

ሽጉጤ ዱራሜ ሳለ የአማርኛ መምህር ነበር። ጆሃንስበርግ ከመጣ ወዲህ አይቮሪ ፓርክ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ ይነግዳል፤ መጻፉን ግን አልተወም። ሮዘተንቪል ያለውን የቤተ ክርስቲያናቸውን የንባብ ማኅበር ያቋቋመው እሱ ነው። የሰው ድርሰት ሲነበብ "እዚህ ጋ ላላ፣ እዚህ ጋ ረዘመ" የሚለውም እሱ ነው። ሲናገር ሰው ጸጥ ብሎ ይሰማዋል፤ ይህን ይወደዋል።

ባለፈው ዓመት ማኅበሩ የአጭር ልቦለድ ውድድር አወጣ፤ ያሸነፉት በማኅበሩ መጽሔት ሊታተሙ። ዳኞቹ ሽጉጤና መጋቢ አጵሎስ ነበሩ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ አቢሶ ነው። ክሊፕታውን ሱቅ ያለው የሆሳዕና ሰው ነው፤ በስብሰባ ከኋላ ይቀመጣል፣ አስተያየት ሰጥቶ አያውቅም።

ሽጉጤ የአቢሶን ድርሰት ሱቁ ውስጥ፣ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ሆኖ በስልኩ ከፈተው። ታሪኩ ስለ ዘረፋ ነው። ሱቁ የተዘረፈበት ሰው የተረፈ ነገር ካለ ብሎ በማግስቱ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል። ሁልጊዜ ዳቦ የሚገዛው ጎረቤቱ፣ አንድ ሽማግሌ፣ የባለሱቁን ጃኬት ለብሶ ቤቱ በር ላይ ተቀምጧል። "ሳውቦና" ይለዋል ሽማግሌው። ባለሱቁም ሰላምታውን ይመልሳል። ከዚያ "እጅጌው አጥሮታል" የምትል መስመር አለች። ድርሰቱ እዚያ ላይ ያበቃል።

ሽጉጤ ስልኩን በፊቱ ደፍቶ አስቀመጠው። ስኳር ለጠየቀችው ሴት ሳሙና ሰጣት።

የሱም ሱቅ ተዘርፎ ያውቃል። እሱም ጽፎታል። ብዙ በለፋበት በዚያ ድርሰት ባለታሪኩ ፍርስራሹ መሀል ቆሞ ስለ ስደትና ስለ ሰው ልጅ ክፋት ሁለት ገጽ ሙሉ ይናገራል። ሲነበብ እናቶች አልቅሰው ነበር። አሁን ያ ሁሉ ንግግር ትዝ ሲለው አፈረ፤ ከማፈሩም ንዴቱ ባሰ። ይቺን እጅጌ እሱ ለምን አላያትም? እሱም እኮ ከዘረፋው በኋላ የራሱን ብርድ ልብስ ሰው ግቢ ገመድ ላይ ተሰቅሎ አይቷል። አይቶ አልፎታል።

እንደገና አነበበው፤ አሁን ጉድለት ፍለጋ። "ሀ"ና "ሐ" ተምታተዋል። አንዱ ዓረፍተ ነገር የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ሀዲይሳ ሀዲይሳ ይሸታል። ደስ አለው፤ ደስታው ግን ከሚቀጥለው አንቀጽ አላለፈም።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ ፊቤ ስልኩን አንስታ አነበበችው።

"ማን ነው የጻፈው?"

"አንዱ ነው።"

"ጃኬቱን ለብሶበት ሰላም አለው እኮ" አለች፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሳ።

"መጨረሻ የለውም። ባለሱቁ ምን ተሰማው? አይናገርም።"

"እኔ ምን እንደተሰማው አውቄዋለሁ። ያንተን ሳነብ ለባለሱቁ አዘንኩ። ይሄን ሳነብ ግን ለሽማግሌውም አዘንኩ።"

ሽጉጤ ስልኩን ከእጇ ወስዶ ኪሱ ከተተው።

ዳኞቹ ሲገናኙ መጋቢ አጵሎስ ለአቢሶ አንደኛ ሊሰጡ አሰቡ።

"መጋቢ፣ ይሄ ማስታወሻ እንጂ ልቦለድ አይደለም" አላቸው ሽጉጤ። "መደምደሚያ የለውም። አንደኛ ብንለው ነገ ሁሉም ግማሽ ጽፎ ይመጣል።"

"እንግዲህ መምህሩ አንተ ነህ" አሉ መጋቢው፣ እምብዛም ሳያምኑ።

አቢሶ ሦስተኛ ወጣ። ሽጉጤ በሰው ፊት "ጅምሩ ጥሩ ነው፤ መጨረሻ ይጎድለዋል" አለው። አቢሶ ጎንበስ ብሎ አመሰገነ።

ብዙም ሳይቆይ ከአቢሶ መልእክት መጣ። "ጋሽ ሽጉጤ፣ በምክርህ መሠረት ጨርሼዋለሁ። መጽሔቱ ላይ ይሄኛው ይውጣልኝ።" በአዲሱ መጨረሻ ሽማግሌው ተንበርክኮ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ባለሱቁ ያቅፈዋል፤ ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ በመጨረሻ ባለሱቁ ስለ ወንድማማችነት ረጅም ንግግር ያደርጋል። ሽጉጤ ንግግሩን ወዲያው ለየው። ቃላቱ የአቢሶ ቢሆኑም አካሄዱ የራሱ የሽጉጤ ነበር።

መጀመሪያ ቀለል አለው። ድርሰቱ ከእንግዲህ ከሱ አይበልጥም። እንዲሁ ቢያሳትመው ማንም አይጠይቀውም። በዚህ ሐሳብ ደስ ብሎት ሰነበተ፤ ፊቤ አዲሱን እስክታነብ ድረስ።

"ማን አበላሸበት?" አለችው።

በማግስቱ ሱቁን ለሷ ትቶ ታክሲ ተሳፈረና ክሊፕታውን ወረደ። አቢሶ እንቁላል እየደረደረ ነበር።

"መጨረሻውን አውጣው" አለው ሽጉጤ፣ ገና ሳይቀመጥ።

"ጋሼ፣ ይጎድለዋል ያልከው አንተ ነህ እኮ።"

"ብያለሁ። አልጎደለውም ነበር።"

"ታዲያ ያኔ ምን ነካህ?"

ሽጉጤ ስለ ልቦለድ አወቃቀር በመንገድ ላይ ያሰናዳው መልስ ነበረው። አልወጣለትም።

"ጥሩ ሆነብኝ" አለ።

አቢሶ እጁ እንቁላል እንደያዘ ቆመ። ነገሩ ቀስ ብሎ ገባው። አልሳቀም፤ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። "እሺ፣ አወጣዋለሁ" አለና ለስላሳ እንኳ ሳይጋብዘው ወደ ሥራው ዞረ።

ድርሰቱ እንደ መጀመሪያው ሆኖ ታተመ። ሽጉጤ ለመጋቢ አጵሎስ እንደተሳሳተ ነገራቸው፤ ሽልማቱ ግን አንዴ ተሰጥቷልና አልተለወጠም። ከዚያ ወዲህ አቢሶ አዲስ ነገር ሲጽፍ የሚልከው ለሽጉጤ ሳይሆን ለፊቤ ነው። እሷ ስታነብ ሽጉጤ ፊቷን ላለማየት መደርደሪያው ላይ ያለውን ዕቃ ማስተካከል ይጀምራል።