ቀይ ክር ያለበት አንሶላ

ሰፈሩ ሁሉ «ዓይናማዋ» ነበር የሚላት። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሥራዋ የተሸመነውን አንሶላ ከሥሩ መብራት ባለው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ መፈተሽ ነው። ክር የዘለለበትን ለብቻው ታስቀምጣለች። ደህናውን ደግሞ ጠርዙ ላይ በክር ምልክት ትሰፋበታለች። እያንዳንዷ ፈታሽ የራሷ ቀለም ነበራት፤ የሷ ቀይ።

ማሽኖቹን መንግሥት ያመጣቸው ከባሕር ማዶ መንግሥት ተበድሮ ነው። የሚከፍለው ገንዘብ ስላልነበረው ዕዳው በጨርቅ ይመለስ ተባለ። እናም ደህና ደህናው በመርከብ ይሄዳል፤ ለሠራተኛ የሚሸጠው የተበላሸው ብቻ ነው፣ እሱም በተራ። የሷ ተራ ደግሞ ሁሌም ሩቅ ነበር።

እናቷ አልጋ ላይ ከዋለች ከራርማለች። የምትተኛበት ጆንያ የመሰለ አንሶላ ጀርባዋን ልጦታል።

«የኔ ልጅ፣ አንቺ ከምትፈትሺው አንዱ ላይ ሳልተኛ ልሙት?»

«እማዬ፣ የአገር ዕዳ እኮ ነው።»

«እኔ መቼ ተበደርኩ? ሲበደሩ ማን ጠራኝ?» ትልና ትስቃለች። ሳቋ ሳል ሆኖ ያልቃል።

የሽመና ማሽን ላይ የሚሠራ አንድ አፉ የማያርፍ ቀልደኛ ነበር። የእናቷን ነገር ሲሰማ ጠጋ አላት።

«እቴ፣ አንዲት ክር ልበጥስልሽና የተበላሸ ይሁን። የኔን ተራ እለቅልሻለሁ። አበዳሪዎቹ ተኝተውበት ክር ሊቆጥሩ ነው?»

«ተወኝ ባክህ። አንተ ብትበጥስ፣ ሌላውም ቢበጥስ፣ ዕዳው መቼ ሊያልቅ ነው? ሲያልቅ ለኛ ይሸመናል ብለዋል።»

«ብለዋል» አለና ወደ ማሽኑ ተመለሰ።

እሷ ግን ከልቧ አምናለች። ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ ላይ ሲናገር በጆሮዋ ሰምታ፣ ሮጣ ለእናቷ ነግራለች። «ትንሽ ቆዪልኝ፣ እማዬ።»

«እኔስ እቆይ ነበር፤ ጀርባዬ ነው እንቢ ያለኝ።»

ዕዳው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ማሽኖቹ አረጁ። መለዋወጫ ከዚያው አገር መምጣት ነበረበትና ሌላ ብድር ተወሰደ፤ ዕዳውም እንደ አዲስ ረዘመ። ዓይናማዋ ወሬውን ይዛ ቤት ገባች። እናቷ ገና ፊቷን አይታ ገባት።

«አይዞሽ» አለቻት። «ይኸኛውንም አንሶላ ለምጄዋለሁ።»

ክረምቱ ሳይወጣ እናቷ አረፈች፣ በዚያው ሻካራ አንሶላ ላይ። ቀልደኛው ሊያጽናናት መጥቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ስታልፍ አንድ ነጋዴ ነጭ አንሶላ አንጠልጥሎ ሲሸጥ አየች።

«ግቢ እናቴ፣ ንኪው። የባሕር ማዶ ዕቃ ነው። ይህን የሚሠራ እጅ እዚህ አገር የለም።»

ጠርዙን ገለበጠችው። ቀይ ክሩ ደብዝዞ፣ ግን ሳይፈታ፣ እንደሰፋችው አለ። አልተከራከረችም፤ የጠራውን ዋጋ ከፈለችው። ነጋዴው እንኳ ደንግጦ ሁለቴ አያት።

ቤቷ ገብታ በእናቷ አልጋ ላይ ዘረጋችው፤ ማዕዘኖቹንም ከፍራሹ ሥር አስገባች። ከዚያ ልማድ ሆኖባት በመዳፏ ከራስጌ እስከ ግርጌ ዳሰሰችው። የዘለለ ክር ፈለገች፤ አንድም አላገኘችም።