ጠቅ የሚለው ቁልፍ

ታቢታ ቆዳውን በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ሳትይዝ ለማንም ቁልፍ አትመርጥም ነበር። ደንበኛው የፈለገውን ያህል ቢቸኩል፣ አውቶቡሱ መናኸሪያ ውስጥ ጡሩምባውን እየነፋ ቢጠራው፣ እሷ ቦርሳውን ተቀብላ ክዳኑን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል ታሸዋለች። ቁልፎቿ ወዳሉበት የወተት ቆርቆሮ የምትዞረው ከዚያ በኋላ ነው። «ቁልፍማ ቁልፍ ነው፤ አንዱን ምቺልኝና ልሂድ» የሚላት አይጠፋም። «ጫማስ ጫማ አይደል? እስቲ የልጅዎን አጥልቀው ይሂዱ» ትለዋለች።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጠቅ ብሎ የሚዘጋው የብረት ቁልፍ ሲያዩት አንድ ይመስላል እንጂ አራት ቁራጭ ነው። ሁለቱ ክዳኑ ላይ ተጋብተው ሴቴ ይሆናሉ፣ ሁለቱ ደግሞ ከታች የቦርሳው ገላ ላይ ወንዴ። ቆዳውን ዘልቆ የሚወጣው የብረት እግር ከረዘመ መዶሻ ሲያርፍበት ይጣመማል፤ ካጠረ ደግሞ ዛሬ ቢይዝ ነገ ተነቅሎ እጅ ላይ ይቀራል። ከቆዳው በላይ የስንዴ ፍሬ ያህል ብቅ ማለት አለበት። እግሩ የረዘመባት እንደሆነ ታቢታ ከቁርጥራጭ ቆዳ ትንሽ ክብ አውጥታ ከስር ታነጥፍለታለች። ከዚያም ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ በተቆረጠ ብረት ላይ አጋድማ፣ መምቻውን ቀጥ አድርጋ ይዛ በመዶሻ ትለዋለች። ሲያበቃ በጥፍሯ ልታሽከረክረው ትሞክራለች፤ ከዞረ ነቅላ እንደገና ትሠራለች። ይህን ሁሉ ቆሞ የሚያይ ደንበኛ ትዕግስቱ ያልቃል፤ የእሷ ግን አያልቅም።

ቆዳን ያወቀችው በአባቷ ነው። አባቷ በሲዳማ ገጠር ቁርበት ፋቂ ነበሩ። ሰው እሳቸው የፋቁትን ቁርበት አንጥፎ ይተኛበታል እንጂ እሳቸውን ከቤቱ አያስገባም፤ ውሃ ቢጠይቁ ደጅ ላይ በተሸረፈ ቅል ነው የሚሰጣቸው። ታቢታ ልጅ ሆና ይህን አይታለች፤ አልረሳችውም፣ ልትረሳውም አልፈለገችም። በኋላ ሚሲዮኖች የእጅ ሥራ ከሚያስተምሩበት ቤት ገብታ ቦርሳ መቁረጥና ቁልፍ መምታት ተማረች። ከዚያ ሁሉ ትምህርት ልቧ ውስጥ የቀረው ግን አንድ ቀን ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች አብረው ምሳ ሲበሉ እማማ አባይነሽ የሚባሉ ሴት ከራሳቸው ሳህን ጠቅልለው ያጎረሷት ቀን። ጎርሳ ውጭ ወጣችና አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ያንን ጉባኤ የሚያስጥላት ነገር አልተገኘም።

አብዮቱ መጣ። እውነቱ ይነገር ከተባለ ለታቢታ ክፋት ብቻ ይዞ አልመጣም፤ ባለ እጅን «ፋቂ» ብሎ መስደብ ክልክል ነው ተብሎ በቀበሌ ስብሰባ ሲነገር እሷም አጨብጭባለች፣ ያውም ከልቧ። ብዙም ሳይቆይ ግን ቤተ ክርስቲያኗ ታሸገች፤ አዳራሹ የእህል መጋዘን ሆነ። ምእመናኑ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ መሰብሰብ ያዙ። ታቢታም መጽሐፍ ቅዱስ የሚይዝ፣ ከውጭ ሲያዩት ግን ተራ የእጅ ቦርሳ የሚመስል የቆዳ ማህደር መሥራት ጀመረች።

በመጀመሪያዎቹ ማህደሮች ላይ የሠራችው ስህተት የሚያውቋትን ሁሉ ሲያስቅ ኖሯል። የእግዚአብሔር ቃል የሚገባበት ነው ብላ ካላት ሁሉ ጠንካራውን ቁልፍ መታችባቸው። ከወታደር ካፖርት ላይ የተነቀለ፣ በከተማው ፒያሳ ሰልባጅ የሚሸጠው ጠሀ ያመጣላት፣ ለመክፈት ሁለት እጅ የሚፈልግ ቁልፍ ነው። እማማ አባይነሽ ቤት በሹክሹክታ ጸልየው ሲያበቁ «አሁን እናንብብ» ተባለ፤ ሁሉም በአንዴ ማህደሩን ከፈተ። ጠቅ! ጠቅ! ጠቅ! በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በረዶ የወረደ መሰለ። የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ሰዉ ደርቆ ቀረ፤ ታቢታ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። በማግስቱ ማህደሮቹን ሁሉ ሰብስባ ቁልፋቸውን ነቀለች፤ በምትኩ ከሕፃን ልብስ ላይ የሚገኘውን ለስላሳውን፣ በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ያለ ድምፅ የሚላቀቀውን መታችባቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቁልፍ በጣቷም በጆሮዋም ትመርጥ ነበር።

ጠንካሮቹ ቁልፎች ጓድ በላይነህ እስኪመጣ ድረስ ቆርቆሮው ውስጥ ተቀመጡ።

ጓድ በላይነህ የቀበሌው ሊቀመንበር ነው፤ ረጅም፣ ቀልጠፍ ቀልጠፍ የሚል፣ ድሮ የመጋዘን ጸሐፊ የነበረ ሰው። ሽጉጥ ሲሰጠው አፎቱ አሮጌ ነበርና ክዳኑ አልዘጋ አለው። ታቢታ ቆዳውን አሸት አደረገች፣ የብረቱን ክብደት በእጇ መዘነች፣ ያለ ጠንካራው ቁልፍ እንደማይሆን አየችና መታችለት። ሌላ ሐሳብ አልነበራትም፤ ከባድ ነገር ጠንካራ ቁልፍ ይፈልጋል፣ ይኸው ነው። ጓድ በላይነህ ግን ሲሄድ እጁ አያርፍም። በአውራ ጣቱ አፎቱን ከፈት፣ ዘጋ፤ ከፈት፣ ዘጋ። ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ በሙሉ ሰውየውን ከማየቱ በፊት ይሰማው ጀመር። ድምፁ ከመንገዱ ማዶ ሲመጣ ቁማርተኛው ካርታውን ይሰበስባል፣ ሐሜተኛው ወሬውን ወደ ዝናብና ወደ እህል ያዞራል። እማማ አባይነሽ ቤት ደግሞ መጽሐፍ ቅዱሶቹ ሰፌድ ስር ይገባሉ። እሑድ ከሰዓት የሚሰበሰቡት ሴቶች ለሰው ዓይን ቦሎቄ ለቃሚ እንዲመስሉ ሁሉም ሰፌድ ሰፌዳቸውን ይዘው ነበር የሚመጡት።

አይጦች «በድመቷ አንገት ቃጭል ማን ይሰር?» ሲባባሉ ኖረዋል ይባላል። በዚህ ሰፈር ድመቷ ራሷ መጥታ አሠራችው።

ደስታው አልዘለቀም። አንድ ረፋድ ላይ ጓድ በላይነህ ፊቱን አጥቁሮ ከታቢታ ሱቅ ገባ፤ ሽጉጡን ኪሱ ከተተና አፎቱን ፈትቶ ጠረጴዛዋ ላይ ጣለው።

«ይኼን ቁልፍ ቀይሪልኝ።»

«ምነው፣ ላላ እንዴ?»

«አላላም፤ ይጮኻል። የትም ብሄድ ቀድሞኝ ይደርሳል።» በሩን ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በሰፈርህ የተደበቀ የጸሎት ስብሰባ አለ ብለው ከበላይ አዘውኛል። ካልያዝኩ የምጠየቀው እኔው ነኝ። ድምፅ የሌለው ቁልፍ መቼም አታጪም።»

ታቢታ ጠረጴዛዋን አየች። የለኝም እንዳትል ለስላሳዎቹ ከፊቱ ተዘርግፈው ይታያሉ። አዛብታ ልትመታለትም አሰበች፤ ግን በሕይወቷ አዛብታ መትታ አታውቅም። እውነቱን ነገረችው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ለስላሳው ይህን ብረት አይሸከምም። የሕፃን ልብስ ቁልፍ ነው። ቀጥ ብለው ሲሄዱ ይይዝ ይሆናል፤ ጎንበስ ያሉ ቀን ግን ይወድቅብዎታል።»

«እኔን ደግሞ ምን ያጎነብሰኛል?» አለና ሳቀ። «ምቺው!»

መታችው። እንደ ልማዷ ቀጥ አድርጋ፣ በጥፍሯም ሞክራ። ጓድ በላይነህ ከፈት ዘጋ አደረገው፤ ምንም አልተሰማም። ደስ ብሎት ሄደ። ታቢታ ግን ያን ቀን መዶሻ ማንሳት አቃታት። ቃጭሉን በገዛ እጇ ፈታችው። እማማ አባይነሽ ቢታሰሩ ያጎረሳትን እጅ ነከሰች ማለት ነው።

ሄዳ ነገረቻቸው። አሮጊቷ ሰፌዳቸውን እያንቀረቀቡ ሰሟት።

«እንዳይዝ አድርገሽ ነው እንዴ የመታሽለት?»

«ኧረ እኔስ ደህና አድርጌ ነው የመታሁት፣ እማማ። ይህን እሑድ እንተወው ይሆን?»

«ቦሎቄው መች ተለቅሞ አለቀ?» አሉ እማማ አባይነሽ። «ነይ።»

እሑድ ተሰበሰቡ። የእማማ አባይነሽ ግቢ በእንሰት የተከበበ ነው፤ የቤቱ በር ደግሞ ዝቅ ያለ ስለሆነ ልጅ ካልሆነ በቀር ሳያጎነብስ የሚገባ የለም። ታቢታ ዓይኗ መጽሐፉ ላይ ቢሆንም ጆሮዋ ውጭ ነበር፤ ከውጭ ግን ምንም አይሰማም፣ የእንሰቱ ቅጠል ብቻ ይንኮሻኮሻል። ከዚያ በሩ ላይ ጥላ አረፈ። ወዲያው ቋ! የሚል ድምፅ በደፉ ድንጋይ ላይ አስተጋባና አንድ ከባድ ነገር እየተንሸራተተ ገብቶ እማማ አባይነሽ እግር ስር ቆመ። ሽጉጥ ነው።

በአንድ ትንፋሽ መጽሐፍ ቅዱሶቹ ሰፌድ ስር ነበሩ። ጓድ በላይነህ ከመቃኑ ስር እንዳጎነበሰ ባዶ አፎቱን ይዳብሳል። እማማ አባይነሽ ብረቱን ከመሬት አነሱ፣ አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለት፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ሰጡት።

«ወደቀብህ፣ ልጄ።»

ተቀብሎ አፎቱ ውስጥ ከተተው፤ ቁልፉ እንደገና ተላቀቀ። በዚህ መሃል ዓይኑ ታቢታ ሰፌድ ስር ዘለቀ። የማህደሩ ጫፍ ከነቁልፉ ወጥቶ ኖሯል። ቁልፉን አየ፣ አፎቱ ላይ ያለውን መንትያውን አየ፣ ከዚያ ታቢታን አያት። ፊቱ ቀላ።

«በርቱ» አለና ሽጉጡን በእጁ ደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ ወጣ።

ታቢታ በነጋታው ጋቢዋን ጠቅልላ ሱቋ ውስጥ አስቀመጠች፤ የሚወስዷት ሲመጡ እንዳይበርዳት። አልመጡም። በተከታዩም ቀን ማንም አልመጣም። ሊቀመንበሩ ሽጉጡን ጣለ የሚል ወሬ ቢወጣ ሰፈሩ እስከ መስቀል ይስቅ ነበር፤ ከበላይ የሚደርስበትም ቀላል አይሆንም። እማማ አባይነሽ ግን «በወደቀ ሰው አይሳቅም» ብለው ነበርና ከሴቶቹ አንዷም ትንፍሽ አላለች።

ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል ጓድ በላይነህ አፎቱን በመዳፉ ተጭኖ መጣ። ተቀመጥ ሳይባል ተቀመጠ።

«ሳምንቱን ሙሉ ጆሮዬን አቁሜ ሰነበትኩ» አለ። «በሽጉጤ የሳቀ ሰው አልሰማሁም።»

«ከእኛ ዘንድ ወሬ አይወጣም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

መሬት መሬቱን አየ። «ቦሎቄ ለቃሚ ሴቶች ናቸው ብዬ ለበላዮቼ ተናግሬያለሁ። ሰፌድ ስር ያየሁትን አላየሁም።» አፎቱን ወደ እሷ ገፋው። «ይኼን ንቀይና የድሮውን ምቺልኝ።»

ታቢታ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እንዳያይባት ወደ ቆርቆሮዋ አጎነበሰች። ከካፖርቱ ቁልፎች አንዱን አወጣች። ቀዳዳው ሰፍቶ ነበርና ክብ ቆዳ አነጠፈችለት፤ ብረቱ ላይ አጋድማ መታችው፣ በጥፍሯ ሞከረችው። ጓድ በላይነህ ተቀብሎ ከፈት ዘጋ አደረገው። ጠቅ አለ። ራሱን ነቀነቀ።

«ከዚህ የባሰ የለሽም?»

«የባሰ ማለት?»

«የሚጮኽ። እማማ አባይነሽ ቤት ድረስ የሚሰማ።»

ታቢታ ቆርቆሮዋን አንስታ ያላትን ቁልፍ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ሁለቱ ተቀምጠው አንድ በአንድ ጆሯቸው ስር እያስጮኹ መረጡ።